ሳናነብ የምንሰጠው ቃል



አባት ለልጁ ኮምፒውተር ሲገዛ በዋጋው ይከራከራል፤ ዕቃው የተሰረቀ እንዳይሆን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ደረሰኙንም አጥፎ በኪሱ ያኖራል። ከዚያም ልጁን አስከትሎ ወደ ጥገና ቤት ይሄድና «ዊንዶውስ ጫንልን፤ ኦፊስና ፎቶሾፕም ይኑሩበት» ይላል። ቴክኒሻኑ ፍላሹን ይሰካል፤ «ክራክ» የሚባለውን ቁልፍ መስበሪያ ያስገባል፤ የድካሙን ጥቂት ብር ተቀብሎ ይሸኛቸዋል። ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ በነበሩትና ዛሬም በቀሩት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን ጉዳይ ብታነሡ መልሱ ቀልድ ነው። «ቢል ጌትስ በእኔ አይደኸይም!» ይሏችኋል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች በብዛት ፈርሰው ባለሱቆቹ ሲበተኑ እንኳ ፍላሹና ቀልዱ አብረዋቸው ሄደዋል።

እኛ ግን ለአፍታ ቆም ብለን እንጠይቅ። ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀመጠው አባትና ክራኩን ያስጫነው አባት አንድ ሰው ናቸውን? በመካከላቸው የቆመው ልጅስ የትኛውን ትምህርት ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ?

ብዙ ጊዜ ክርክሩ «ስርቆት ነው ወይስ አይደለም?» በሚል ይጀመራል። አይደለም የሚሉት ወገኖች ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። ሌባ በግ ቢሰርቅ ባለቤቱ በጉን ያጣል፤ ፕሮግራም ሲገለበጥ ግን ከባለቤቱ እጅ የወጣ ነገር የለም ይላሉ። ይህን የመሰለ ጥያቄ ለኢስላማዊ ሕግ አዲስ አይደለም። የሐነፊ መዝሀብ ቀደምት ሊቃውንት ንብረት ማለት የሚያዝና የሚቀመጥ ነገር ነው ሲሉ፣ የሻፊዒይ፣ የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ደግሞ ጥቅምም ራሱ ንብረት ነው ብለዋል። ቤት ስንከራይ የምንከፍለው ለግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ለመኖር ነውና። በዘመናችን የኢስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ምልክት መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ስለሆኑ ሊጣሱ እንደማይገባ ወስኗል። ለግል ትምህርት በሚገለበጠውና ለንግድ በሚገለበጠው መካከል ልዩነት ያደረጉ ዑለሞችም አሉ። ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተወው።

ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ክርክር በፊት የሚመጣ አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ፕሮግራም ሲጫን መጀመሪያ ረጅም ጽሑፍ ያቀርባል፤ ከሥሩም «እስማማለሁ» የሚል ምልክት አለ። ክራክ የሚደረገውም ቅጂ ይህንኑ ገጽ ያሳያል። እጃችን «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ ያው እጅ በዚያው ደቂቃ የተስማማበትን ይሰብራል። ስለ በጉ መከራከር እንችል ይሆናል፤ ስለ ቃላችን ግን ምን እንላለን? ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ምእመናን የገቡትን ውል እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ውሉ ረጅም ነው፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ አንቀጽ ለሻጩ ያደላል ብንል እውነት ነው። ባልተስማማንበት ውል ፊት ያለን መብት ግን አለመስማማት ነው። «እስማማለሁ» ብሎ ማፍረስ የማንም መብት ሊሆን አይችልም።

ወደ ቀልዱ እንመለስ። ቢል ጌትስ አይደኸይም፤ እውነት ነው። ይሁንና ታሪኩ ከየት እንደጀመረ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ይህ ሰው ኮምፒውተር ወዳዶች ሁሉ እንዲያነቡት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። እርሱና ባልደረቦቹ «አልቴር» ለሚባለው ኮምፒውተር ያዘጋጁትን ፕሮግራም አብዛኛው ተጠቃሚ ሳይከፍል እየገለበጠ መሆኑን በምሬት ገለጸ። በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሀብታም አልነበረም። ፕሮግራሙ የሚባዛውም በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። እንግዲህ መገልበጡ ከሀብቱ ይቀድማል ማለት ነው። «ሀብታም ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያት ድርጊቱ ከተለመደ በኋላ የተገኘ ማስተባበያ ነው። ደግሞስ የሀብታም ሀቅ ሀቅ አይደለም ያለን ማን ነው?

ቀልዱ የማይሠራበት ሌላም ቦታ አለ፤ እርሱም የራሳችን ቤት ነው። የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ላይ በራሱ አልበቀለም። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው ስናባዛ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተጨመሩም። የዚያ ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ብዙው የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ፊደላቱን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፈለ፤ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ሠርቶ ቀጣጠለ። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባሉት በዚህ ልፋት የተገኙ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ እስኪገባ ድረስ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ካሉት የአማርኛ መጻሕፍት፣ የዲን መጻሕፍትን ጨምሮ፣ ስንቱ በእነዚህ ፊደላት ተለቅሞ ይሆን? ታዲያ እነዚህም ፕሮግራሞች እንደ ውጭዎቹ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተገልብጠዋል። በዚህ ጊዜ ሀቁን ያጣው ባሕር ማዶ ያለ ቱጃር ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ቢሮ ተከራይቶ፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ከፍሎ ፊደላችንን ያሰለፈልን ሰው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። ሌሎች ሥራዎችን ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማባዛት ሲፈቅድ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከዚህ ፈቃድ ለይቶ አውጥቷል፤ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው ግን ለመጠባበቂያ ቅጂ እንዲያስቀር ይፈቅዳል። ሆኖም አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሰዎችን፣ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ አገር ወይም በውጭ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የወጣን ሥራ ነው። የቀረው አገራችን በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚሸፈን ነው። ስለዚህ ሕግ የሚያውቅ ሰው «የውጭውን ብገለብጥ ማን ይከሰኛል?» ቢል ክርክሩ መሠረት አያጣም። እንግዲህ የዚህ ጥያቄ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ዳኛ በሌለበት፣ ፖሊስ በማይመጣበት፣ ባለቤቱም ፈጽሞ በማያውቅበት ቦታ ሰውን የሚያቆመው ምንድን ነው? አማና ከሕግ የሚለየው ሕግ በማይደርስበት ስፍራም ስለሚደርስ ነው።

«ድሃስ ምን ያድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ማቃለል ተገቢ አይደለም። የአንዳንዱ ፕሮግራም ዋጋ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል። ተማሪው ሙያውን መማር አለበት፤ ወጣቱ የግራፊክስ ባለሙያ እናቱን መርዳት አለበት። እናትም «የልጄ ገቢ ሐላል ነውን?» ብላ ብትጨነቅ ጭንቀቷ የተከበረ ነው። የእጁ ሥራና የላቡ ዋጋ አንድ ሒሳብ ነው፤ የፕሮግራሙ ባለቤት ሀቅ ሌላ ሒሳብ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ችግር የተከለከለን ነገር ሊያስፈቅድ እንደሚችል ሊቃውንት አስተምረዋል፤ ግን በችግሩ ልክ ብቻ። አማራጭ ሲገኝ ችግሩ ያበቃል።

አማራጭ ደግሞ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ማንኛውም ሰው የሚጠቀምበት፣ የሚመረምረውና የሚያካፍለው ሶፍትዌር ለማዘጋጀት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ «ሊነክስ»ን አቀረበ። ዛሬ ለጽሑፍ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለሥዕል ጊምፕና ኢንክስኬፕ፣ ለአማርኛ አጻጻፍ ኪማን፣ ለፊደል አቢሲኒካና ኖቶ ያለ ክፍያና ያለ ክራክ ይገኛሉ። ለኡራኤል ሰፈርም እንዲህ ያለው ልግስና እንግዳ አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ከዚያው ከካዛንቺስ አጠገብ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ «ፓዲስ» የተባለው ክፍል በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያመላልስ ነበር። ይህን ያደርግ የነበረውም «ፊዶኔት» በተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በዘረጉት መረብ ነው።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ነገር በራሳችን ስም እናውቀዋለን፤ ወቅፍ ይመስላል። አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ለመንገደኛ ሁሉ ይተወዋል። ይሁንና የወቅፍ ባለቤት ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይከበራል። ነፃ ሶፍትዌርም እንዲሁ ውል አለው፤ ለምሳሌ የስቶልማን የፈቃድ ውል ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው የውስጥ ጽሑፉንም አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በአማርኛ «ነፃ» ስንል ክፍያ የሌለውንም፣ ባርነት የሌለበትንም ማለታችን ነው፤ ውል የሌለበት ማለታችን ግን አይደለም። ከሰባሪው የሚለየንም ይኸው ነው። ሁለቱም ገንዘብ አልከፈሉም፤ አንዱ ግን ቃሉን ጠብቋል።

ውድ አንባቢያን! አንድ ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር በኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና በውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች በሦስት ክፈሏቸው፤ የተገዛ፣ በነፃ የተሰጠ፣ የተሰበረ። ከሦስተኛው ክፍል በአማራጭ መተካት የሚቻለውን ዛሬውኑ ተኩ፤ የማይቻለውን ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሩ፤ ለሥራ የግድ የሆነውንና የተቸገራችሁበትን ዓሊም ጠይቁ። አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ደግሞ ልጁ «እስማማለሁ» ከማለቱ በፊት «ምን ላይ ነው የምስማማው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ነገ ባለሱቅ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ባል ወይም ሚስት ሲሆን በብዙ ውል ላይ ይፈርማል።

አላህ ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።