ሞተር የሚሞቀው እየሄደ ነው

ልጄ፣ ኅዳር ገባ። ከተማችን አርሲ ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናትና እስከ ጥር መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል። አንተም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተህ መኪናዋን ታስነሳለህ፤ ግቢው መሀል ትተዋትና ቁርስህን ልትበላ ትገባለህ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስትንደቀደቅ እሰማታለሁ። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና፣ ሳያሞቁ መንዳት ጥድፊያ ነው ብሎ ያስተማረህ ሰው አልዋሸህም። የተማረው በካርቡራተር ዘመን ነው። ካርቡራተር በብርድ ቤንዚኑንና አየሩን አስተካክሎ መመጠን ስለሚያቅተው፣ ያኔ መኪናው ሳይሞቅ ከተነሳ እየተንተፋተፈ መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። ዛሬም የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ የያዘ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢታገስ አልፈርድበትም። የአንተ ቪትዝ ግን ባለ ኢንጀክተር ናት። የአየሩንና የሞተሩን ሙቀት የሚለካላት፣ ነዳጁንም በዚያው ልክ የሚመጥንላት ኮምፒውተር አላት።

ቆማ ስትሞቅ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ሞተር ያለ ሥራ ሲዞር የሚሞቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው። እስኪሞቅ ድረስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ ቤንዚን ሳይቃጠል የሚቀረው የሲሊንደሩን ግድግዳ ያለሰለሰውን ዘይት ያጥበዋል፤ ወርዶም ከሞተሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። ለሞተሯ አዝነህ የምታደርገው ነገር ፒስተኑንና ፋሻውን ያስበላል ማለት ነው። የማርሹ ዘይት፣ የጎማው ኩሽኔታና ግሪሱ ደግሞ ጎማ ካልዞረ በደንብ አይሞቁም።

ስለዚህ አስነሳት፣ የዘይቱ መብራት ይጥፋ፣ ቀበቶህን እሰር። ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። መስታወቱ ጉም ከያዘ ግን ሙሉ በሙሉ ሳትጠርገው እንዳትንቀሳቀስ፤ በአንዲት ቀዳዳ አጮልቆ የሚነዳ ሰው ሕፃን ልጅ ሲያቋርጥ አያይም። ከዚያ ውጣ፣ ግን በእርጋታ። ዋናው ምክሬ ይኸው ነው። የሙቀት መለኪያው ቦታው እስኪደርስ፣ አምስት አስር ደቂቃ ያህል፣ ነዳጅ አጥብቀህ አትርገጥ፤ ከ2,500 ዙር በላይም አታስጩሃት። ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አስፋልት ሲለቀቅልህ ልብህ ይነሳሳል፣ አውቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወደ ደገጋ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ዳገቱን በቀዝቃዛ ሞተር አትጋፈጠው፤ በከባድ ማርሽ ዝግ ብለህ ውጣው። ሞተር ከተበላ በኋላ ጋራዥ ለጋራዥ መንከራተት፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚባለው ነው።

ለአጎትህ ልጅ ግን ይህን እንዳለ እንዳትነግረው። እሱ የያዘው አይሱዙ ነው፣ ናፍጣ ነው። ቁልፉን ከፍቶ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቅ። ዘይቱ ቱርቦው ጋ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ያህል ሳያስጮህ ይታገስ። ፍሬኑ የአየር ከሆነ ደግሞ አየሩ መሙላቱን መለኪያው ላይ ሳያይ ንቅንቅ እንዳይል። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ሙቀት አይደለም፤ የሰው ነፍስ ነው።

ወደ ነፍስ ከመጣን፣ እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገርህ። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት ተከራይ አለ። የመኪናህ ጭስ የሚወጣው ሕፃናት በተኙበት መስኮት ሥር ነው። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ዜና በየክረምቱ ሰምተሃል። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከመኪና ጭስም የሚወጣው እሱው ነው፤ ጭስ የሚያጣራው ዕቃ ካልጋለ ስለማይሠራ፣ ብዙው የሚወጣው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳትማ ጨርሶ አይታሰብ። በሩን ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ብርዱ ከባድ ነው ትለኝ ይሆናል። ሚኒሶታ ያሉት ዘመዶቻችን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወርዶ እያዩ ነው ሥራ የሚሄዱት። እዚያ እንኳ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የሚመክረው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በእርጋታ መንዳትን ነው። ጀርመን አገርማ መኪና አቁሞ ሞተር ማሞቅ በሕግ ያስቀጣል። ነገሌ ከተማ ውስጥ ውሃ በባልዲ ሲረጋ ያየ ማን ነው? ነዳጁም ቢሆን በጂቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ገብቶ፣ አንተም ማደያ ተሰልፈህ የቀዳኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አስር ደቂቃ ነድተህም መለኪያው ካልተነሳ፣ ቴርሞስታቱን አስፈትሽ። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ብለው አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ። ያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይውላል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። ያንተም ወጥቶ እንደሆነ፣ ለመኪናህ የሚስማማውን ገዝተህ አስገጥም።