ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስብ ልጅ ስለ ምን ያፍራል?

ሰው ችግር አስገድዶት የሚሠራው መልካም ሥራና ወድዶ የሚሠራው መልካም ሥራ እኩል ክብር ይገባቸዋልን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ካየሁት ነገር የመጣ ነው።

እንደሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም ከተማ ስለ አካባቢ ታላቅ ጉባኤ አደረገ፤ በዚያው ዓመትም በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 28 ቀን የዓለም የአካባቢ ቀን ሆኖ እንዲከበር ተወሰነ። ባለፈው ዓመት በከተማችን የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህን በዓል «ያገለገለ ዕቃን መልሶ መጠቀም» በሚል ርእስ ለማክበር ተነሡና፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆንሁ እንዳግዛቸው ጠሩኝ። ልጆቹ ትጉዎች ነበሩ። ከአሮጌ ጎማ መቀመጫ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የቆሻሻ መያዣ፣ ከተጣለ ጨርቅ ኳስ ሠሩ። ለአበባ መትከያ የሚሆነው ባዶ ሃይላንድ ግን ጎደለ፤ ኮሚቴውም የታሸገ ውኃ በካርቶን ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ልጅ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ሃይላንድ እንዳለው በሹክሹክታ ነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመናኸሪያው አካባቢ እየለቀመ ለገዢ በኪሎ ይሸጣል፤ ደብተሩን የሚገዛው በዚሁ ነው። «ታዲያ ለምን ለጓደኞችህ አትነግራቸውም?» አልሁት። «ጋሼ፣ ቁራሌው ብለው ይስቁብኛል» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ፤ ውኃውም ተገዛ። የቻልነውን ያህል ጠጣን፣ የቀረውን ደፋን፣ ጠርሙሱን ቆረጥን። እንግዲህ መልሶ መጠቀም ያልነው ይህን ነበር! አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳቀችና «አዲስ ገዝተን ምኑን ነው መልሰን የተጠቀምነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እርሱ ነው።

በበዓሉ ቀን ከፌስታል የተሠራ ቀሚስ የለበሰች ተማሪ በመድረክ ላይ ስትመላለስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጠርሙስ ለቃሚው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ አብሮ ያጨበጭብ ነበር።

አንዳንዶች «ምግባር የሚመሰገነው በፈቃድ ሲደረግ ነው፤ የቸገረው ሰው የሚለቅመው ምርጫ ስለሌለው ነውና ምን ያስመሰግነዋል?» ይላሉ። እኔም ቀድሞ እንዲህ አስብ ነበር። ነገር ግን የወላይታ እናቶችን የእንሰት ሥራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ግንዱ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ ከዚያው የሚወጣው ቃጫ ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ይጠቀለልበታል፣ ይጋገርበታል፣ የተረፈው ለከብት ይሰጣል። ጓሮዋ በእንሰት የተሞላ እናትም ብትሆን ቃጫውን አትጥልም። መጀመሪያ ያስተማራት ችግር ሊሆን ይችላል፤ አሁን በእጇ ያለው ግን ዕውቀት ነው። በሁምቦም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ መሬት መልሶ ደን እንዲለብስ አድርገዋል። ይህንንም ያደረጉት በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ተክለው ሳይሆን፣ ተቆርጦ ከቀረው ሕያው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ፣ እየከረከሙና ከከብት እየጠበቁ ነው። ያን ጉቶ ቀድሞ ያየ ሰው ማገዶ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

እኛ የሰንበት ት/ቤት ልጆች ደግሞ አምስቱ እንጀራ በበረከተ ጊዜ የተረፈው እንዲሰበሰብ መታዘዙን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ያዘዘው እንጀራውን ያበዛው እርሱ ራሱ ነው፤ ማጣት አላስገደደውም። 12 መሶብ የሞሉትም ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ በመልቀማቸው አፈሩ የሚል ግን አላነበብሁም።

ይህን ስል ድህነትን ማሞገሴ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በተባለው ቦታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ክምር እየለቀሙ የሚኖሩ ብዙዎች ነበሩ። የእነርሱን ኑሮ «አካባቢን መጠበቅ» ብሎ ማቆንጀት ግፍ ነው። ለቃሚ ደኅንነቱ ሊጠበቅለትና ተገቢ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል፤ ሙገሳ ብቻውን ምን ይሠራለታል? ከቆሼ ብዙም በማይርቀው በዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶል ሬብልስ የተባለውን ድርጅት አቋቁማ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ሶል የተሠሩ ጫማዎችን ለውጭ አገር ገበያ አቅርባለች። የድሃው በረባሶ ነበር እኮ! ጎማው ያው ጎማ ነው፤ የተለወጠው የሚጫማው ሰውና የሚከፈለው ዋጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ በለቃሚ ልጅ መሳቅን ግን የትኛው አዋጅ ይከለክልልን?

ዘንድሮም በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴው ጠራኝ። እኔም ጠርሙሱን ከሚለቅሙ ልጆች በተገቢ ዋጋ እንግዛ የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። ግማሾቹ ተስማሙ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ከእኛው መካከል የሚለቅም ልጅ ካለ ማጋለጥ ይሆንበታል» አሉ። ይህም እውነት ያለበት ስለሆነ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ሄጄ ልጁን ራሱን ጠየቅሁት።

ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ኪሎውን በስንት ትገዛላችሁ?» አለኝ።

ዋጋውን ነገርሁት።

«ከገዢው ይሻላል» አለ። «ራሴ ተሸክሜ በዋናው በር እገባለሁ። መድረክ ላይ ግን አልወጣም።»