ወዳጅን ስለ መጠየቅ፥ በአሮጌ መኪናም ስለ መጓዝ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ «እመጣለሁ» ብለህ ሳትሄድ የቀረህበት የወዳጅ ቤት አለህን? ይህን መጠየቄ ልከስህ ፈልጌ አይደለም፤ እኔም እንዲህ ያለ ቤት ነበረኝና። ያ ቤት የሚገኘው በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆላ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በጎብዬ ነው። ባለቤቱ አስተማሪ ነው፤ በተማሪነታችን ዘመን ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል አድሯል፣ ከአንድ ትሪም በልቷል። ለበዓል ወደ ቤታቸው ስንሄድ እናቱ እርሱን ያጎረሱትን ያህል እኔንም ያጎርሱኝ ነበር። እኔ የምኖረው በደሴ ነው። ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከወልድያም እስከ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎብዬ ደግሞ ቆቦ ሳይደረስ ትገኛለች። እንግዲህ መንገዱ ረዘመብኝ ብዬ ላመካኝ አልችልም።

ምክንያቴ መኪናው ነበረ። እኛ አምስት ወዳጆች ነን፤ ከእኛም አንዱ ሚኒባስ አለው። ይህ መኪና ከመካከላችን ሁለቱ ሳይወለዱ የተሠራ ነው። ሞተሪኖው የሚታዘዘው ደስ ሲለው ብቻ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጎ ያቆመዋል፤ ቁልቁለት ያጣ እንደ ሆነ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ዳገት ሲወጣ ውሃው ይፈላል። ከበሮቹም አንዱ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። «በዚህ መኪና ራያ እንዴት ይወረዳል? ይታደስና እንሄዳለን» እንባባል ነበር።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴም ወደ ወልድያ ገባ። ስልክና መብራት ተቋረጠ፤ የወዳጄንም ድምፅ ለብዙ ወራት አልሰማሁም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት ስልኩ ሠራና «አለህን?» አልሁት። «አለሁ፤ እናቴም አለች፤ ስለ አንተ ትጠይቃለች፤ ምነው ብትመጡ» አለኝ። «እመጣለሁ» አልሁት። ጥር አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። በሰኔ እናቱ ዐረፉ። እኔም በባንክ ገንዘብ ላክሁና በስልክ «መኪናው ጋራዥ ገብቷል» አልሁት። በነሐሴ ውጊያው ዳግመኛ ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ።

አንባቢ ሆይ፤ «አውቶቡስ አልነበረምን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ነበረ። ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ አይታጣም ነበር። በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ወደ እራት ተጠርተው የቀሩትን ሰዎች አስብ። አንዱ መሬት ገዛሁ አለ፤ ሁለተኛው አምስት ጥማድ በሬ ልፈትን ነው አለ፤ ሦስተኛው ሚስት አገባሁ አለ። ከእነርሱ አንዱም ሐሰት አልተናገረም፤ መሬቱም፣ በሬውም፣ ሚስቲቱም በእውነት ነበሩ። የእኔም መኪና በእውነት አሮጌ ነበረ። ያ ሰው በአዲስ ጥማድ አመካኘ፤ እኔ ደግሞ በአሮጌ ብረት አመካኘሁ። ሰው ከወዳጁ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው ኅሊናውን የሚያስተኛው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ መኪናውን ገፍተን አስነሣነውና ተነሣን። ውሃ የተሞሉ አምስት ጀሪካኖች፣ ለወዳጃችን ስኳርና ቡና፣ ለልጆቹም ደብተር ይዘን ነበር።

ይህ ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አልፎ ወደ መቀሌና ወደ አስመራ የሚወጣው ነው። ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ለጦራቸው ብለው ሠሩት። ከእነርሱም የመኪና ቋንቋ ቀረልን፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የምንለው ሁሉ የእነርሱ ቃል ነው። ለጦር የተሠራው መንገድ ግን ከዚያ ወዲህ ሙሽራንም ለቀስተኛንም ሲያመላልስ ኖረ።

ሐይቅን በደኅና አለፍን። ውጫሌ ላይ ውሃው ፈላና ቆምን። ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ በጥላ ተቀምጠን ሳለን አንዱ ባልንጀራችን፣ የታሪክ ተማሪ ነውና፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተጻፈውን የውጫሌን ውል አነሣ። የወዳጅነትና የንግድ ውል ይባል ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ምክንያት፣ የዚያ ወዳጅነት ነገር በአድዋ በጦር ተፈረደ። እኔም በልቤ እንዲህ አልሁ፤ እኔስ ለወዳጄ የሰጠሁት ምንድር ነው? በስልክ የተነገረ ቃልና በባንክ የተላከ ወረቀት አይደለምን? ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም፤ መኪናውም በርዶ ነበርና ተነሣን።

በውርጌሳና በመርሳ በኩል ሄደን ወደ ወልድያ ዳገቱን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆምን፤ አምስቱም ጀሪካን ባዶ ሆነ። ወልድያ ስንደርስ ባለ መኪናው «ውሃ እንሙላ፤ ቺንጋውም ስንጥቅ አለበትና ሌላ እንፈልግ» አለ። እኔም «ከዚህ ወዲያ ቁልቁለትና ሜዳ ነው፤ ውሃ ለምን ይፈለጋል? በአንተ ምክንያት ስንት ሰዓት ቆመናል!» ብዬ ቸኰልሁበት። አየህን፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልቸኰልሁት ሰው በዚያ ቀን ግማሽ ሰዓት መታገሥ አቃተኝ። እርሱም ዝም ብሎ መሪውን ያዘ።

አላውሃን ተሻግረን ብዙ ከሄድን በኋላ ከሞተሩ የጥፊ ያህል ድምፅ ሰማን፤ ቺንጋው ተበጥሶ ነበር። ቺንጋው ሲበጠስ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል፤ ሞተሩም ይጋላል። ግራና ቀኙ የታጨደ የማሽላ ማሳ ነው፤ ፀሐዩም የቆላ ፀሐይ ነው። ባለ መኪናው «ማንም እንዳይነካው፤ ይብረድ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ቴስታው ይሰነጠቃል» አለ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጨርቅ በእጄ ጠቅልዬ፣ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ያዝሁት። እርሱ ዘሎ እጄን ገፋው፤ በዚያችው ቅጽበት እንፋሎቱ ገንፍሎ የእርሱን ክንድ መታው። ለእኔ የመጣውን እርሱ ተቀበለ። አልጮኸም፤ አልተሳደበምም። ክንዱን በነጠላው ሸፍኖ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ እኔም የምለው አጣሁ።

ወንድሜ ሆይ፤ ጠባይህን ለማወቅ ብትሻ በጸሎት ጊዜ ብቻ አትመርምረው፤ መንገድ ላይ ስትቆምም መርምረው። መኪና ሲሄድ ሁሉም ትሑት ነው። ሲቆም ግን የሚከሰስ ሰው ይፈለጋል፤ የሚገኘውም ሁልጊዜ መሪውን የያዘው ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንድ ሽማግሌ ገበሬ የማሽላ አገዳ የተጫነች ግመል እየሳቡ መጡ። «ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። ከግመሊቱ ጎን የተንጠለጠለውን ቢጫ ጀሪካን ፈተው «እንካችሁ» አሉ። ባለ መኪናው በዚያ ጊዜ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጭን ጠፍር ቆርጦ፣ በአንድ እጁና በባልንጀራችን እርዳታ፣ በቺንጋው ፈንታ አስሮ ነበር። ሞተሩም በርዶ ነበርና ውሃውን ጥቂት በጥቂት አፈሰሰበት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገርህ። ሽማግሌው ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው፣ እጃቸውን በንጹሕ አፈር ላይ አኑረው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ከዚያም ወደ ቂብላቸው ዞረው ሰገዱ። የታሪክ ተማሪው በሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፤ «ውሃ ያጣ እስላም በአፈር እንዲያብስ ሕጋቸው ይፈቅዳል፤ እኛ ራዲያተር ውስጥ የጨመርነው የሚታጠቡበትን ውሃ ነው»። ውሃ ያጡት በእኛ ምክንያት ነበረ። እኔ መስቀል በአንገቴ ያለ ሰው፣ ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ጊዜ ሰምቼ የማውቅ ስሆን፣ በታሪኩ ውስጥ በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ምሳሌ ስናነብ ሁላችንም ራሳችንን በአህያው ባለቤት ስፍራ እናስቀምጣለንና።

ስግደታቸውን ሲፈጽሙ ገንዘብ ዘረጋሁላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ለእንግዳ ውሃ ሸጬ ነገ በየትኛው ፊቴ ከሰው መካከል እቀመጣለሁ?» አሉኝ። ብሩን መለስሁ። ከፍሎ ነጻ መውጣት ለትዕቢተኛ ይቀልለዋል፤ ባለ ዕዳ ሆኖ ማመስገን ግን ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ ለእኔ እንደዚያ ሆነብኝ። እርሳቸውም የቀረውን ውሃ ከነጀሪካኑ ሰጡንና «ስትመለሱ ከዚያ ግራር ሥር ፍየል የምትጠብቅ ልጄ አለች፤ ለእርሷ ስጧት» ብለው ሄዱ።

በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ያለውን የጳውሎስን ጉዞ አንብበሃልን? ያ መርከብ እንደ እኛ መኪና ያለ ነበረ ብል አትሳቅብኝ። 276 ነፍስ ተሳፍሮበት 14 ቀን በማዕበል ተንገላታ፤ በመጨረሻም ተሰባበረ። በመላጥያ ደሴት የነበሩት፣ ወንጌልን ያልሰሙት ሰዎች፣ ዝናብና ብርድ ነበረና እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሮሜ ያሉ ወንድሞች መምጣቱን በሰሙ ጊዜ በቤታቸው ሆነው አልጠበቁትም፤ አንዳንዶቹ እስከ አፍዩስ ፋሩስ ድረስ፣ 65 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሊቀበሉት ወጡ። ማዕበሉን በድፍረት ያለፈው ሐዋርያ ልቡ የተጽናናው እነዚያን ሰዎች ባየ ጊዜ ነው። ወዳጅ ካለበት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲገኝ ኃይሉ ይህን ያህል ነው።

እኛም በየጥቂቱ እየቆምን፣ በአንድ መብራት እየተመራን ስንሄድ መሸ። በጨለማው ውስጥ ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ባትሪ እያበራ በመንገዱ ዳር ወደ እኛ ሲመጣ አየን። ወዳጄ ነበረ። ከቀትር ጀምሮ ሲጠብቀን ውሎ፣ ብንዘገይበት ጊዜ፣ ከአሥር ሰዓት አንሥቶ ወደ ወልድያ አቅጣጫ በእግሩ ይመጣ ነበር። ተሳሳምን። ብዙ ጊዜም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ እጁን በመኪናው በጋለው ጎን ላይ አኖረና እንዲህ አለኝ፤

«ያ መኪና ይህ ነውን?»

«አዎን፣ ይህ ነው።»

«ሌላ አልገዛችሁም?»

«አልገዛንም። ያው ነው።»

«ታዲያ መጣ እኮ» አለ።

ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከአፉ አልወጣም። እኔም በዚያች ሌሊት በጨለማ ውስጥ ስለ ነበርሁ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ፊቴን አላየውምና።

በቤቱ እራት ቀርቦ ሳለ እናቱ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶውን ነበረ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። የወዳጄ ሚስት የባለ መኪናውን ክንድ አጥባ ማር ቀባችለት። «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው «እንፋሎት ነው፣ እኅቴ» ብቻ አላት። ያን ጊዜ ተነሥቼ በሁሉ ፊት «የእኔ ጥፋት ነው፤ ወልድያ ላይ ውሃ እንሙላ ሲል የከለከልሁት፣ ክዳኑንም ልከፍት የነካሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ሳቀና «አንተ ባትቸኩል ኖሮ ዛሬ ወልድያ እናድር ነበር» አለኝ። አንባቢ ሆይ፤ በስውር የሰደብኸውን ሰው በስውር ይቅርታ ብትለምነው ይበቃ ይሆናል፤ በሰው ፊት ያዋረድኸውን ግን ያንኑ ያህል ሰው ባለበት ልታከብረው ይገባሃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እናቱ መቃብር ሄድን። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። «እንዴት ነው፣ አልመጣም?» እያሉ ይጠይቁ እንደ ነበር ወዳጄ አስቀድሞ በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ እዚያ ቆሜ ግን ያ ጥያቄ እንደ አዲስ ተሰማኝ።

በማግሥቱ የጎብዬ ልጆች መኪናውን እየዘፈኑ ገፍተው አስነሡልን። ወደ ቆቦ ዘልቀን ሌላውን ወዳጃችንን ጠየቅን፤ ባለ መኪናውም አዲስ ቺንጋ ገዛ፣ መለዋወጫም ጨመረ። ወደ ደሴ ስንመለስ ከግራሩ ሥር ቆምን። ልጅቱ ከፍየሎቿ ጋር ነበረች። ጀሪካኑን ቆቦ ላይ አጥበን እስከ አፉ ሞልተነው ነበር። «ይህ የአባትሽ ነው» አልናት። በሁለት እጇ አነሣችው፤ ከበዳትና ሳቀች። «ባዶ ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።