መኪናው ሲያስብልን

ፖርሽ 911 በሚለው ስም የሚጠሩ ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን እናቁም። አንዱ በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ቱርቦ ነው፤ 260 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሌላው በ2020 የወጣው ቱርቦ ኤስ ነው፤ ጉልበቱ 650 ሲሆን፣ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.7 ሰከንድ ይበቃዋል። አዲሱ ይፈጥናል፤ ሲቆምም የተሻለ ይቆማል፤ ነጂውንም አያደክምም። ሆኖም አሮጌውን አጥብቀው የሚፈልጉ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚገዙ፣ የእረፍት ቀናቸውን ከኮፈኑ ሥር የሚያሳልፉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። ለምን ይሆን?

ጥያቄው የመኪና ብቻ ቢመስልም፣ ጠለቅ ብለን ስናየው ስለ ሰው የሚጠይቅ ነው። ከስሕተት የሚጠብቀን ነገር በበዛ ቁጥር የተሻልን ሰዎች እንሆናለን? ወይስ የተጠበቅን ብቻ?

መጀመሪያ አሮጌውን እንወቀው። 911 ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ነው። ያኔ ስሙ 901 ነበር፤ ፔጆ በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ 911 ተባለ። ሞተሩ ከኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹም አልፎ ተቀምጧል። እስከ 1998 ድረስ ራዲያተርና ውኃ አልነበረውም፤ የሚያቀዘቅዘው በትልቅ ማራገቢያ የሚነፍስበት አየርና የራሱ ዘይት ነበር።

እንዲህ ያለ ሞተር ባለቤቱን አያስቀምጥም። የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ እየሠራ ሳለ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ነው፤ በቀዝቃዛ ሞተር የሚለካ ሰው ይታለላል። አሥራ ሁለቱ ቫልቮች ደግሞ በየጊዜው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት አንድ በአንድ ይስተካከላሉ። መካኒኩ ስስ የብረት መለኪያ አስገብቶ የሚፈልገው ክፍተት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ የወረቀት ውፍረት ያህል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር እዚህ ጋራዥ ውስጥ የሥራ መመሪያ ነው። ባለቤቱ በጊዜ ብዛት የሞተሩን ድምፅ ይለምዳል፤ ትናንት ያልነበረ ኳኳታ ዛሬ ቢሰማ ጆሮው ይነቃል። ወዳጆቹ የሚወዱለት አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ መኪናው ትኩረታቸውን ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱም ሲሰጡት ይመልስላቸዋል።

አነዳዱም እንዲሁ ነው። ከባዱ ሞተር ከኋላ ስለሆነ፣ በፍጥነት ወደ ጥምዝ የገባ ነጂ መሐል ላይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ቢያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎች መንገዱን መጨበጥ ያቅታቸዋል፤ ጭራው ይሽከረከራል። የ1975ቱ ቱርቦ ደግሞ ሌላ ጠባይ ነበረው። ነዳጅ ሲሰጡት ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህም «ሚስቶችን መበለት የሚያደርግ» የሚል አስፈሪ ቅጽል ስም ወጣለት። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፍሬን ከጥምዙ በፊት መያዝ፣ ውስጥ ከገቡ በኋላ እግርን ማጽናት። ውሳኔው ከፈተናው ቀድሞ መወሰን አለበት።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። በ1978 ቦሽና መርሴዲስ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ አወጡ። በ1995 እነዚሁ ሁለቱ የመረጋጋት መቆጣጠሪያውን አመጡ፤ ነጂው መሪውን ወዴት እንዳዞረና መኪናው በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንዳለ ያነጻጽራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው ይዞ መኪናውን ይመልሰዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ይህ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የዛሬው 911 ደግሞ ጎማው የሚረጨውን ውኃ በድምፅ ለይቶ መንገዱ እርጥብ መሆኑን ይነግራል። ቀድሞ የነጂው የነበረው ጆሮ አሁን የመኪናው ሆኗል።

የአሮጌው ወዳጆች ክርክር የሚጠነክረው እዚህ ነው። አሪስቶትል መልካም ጠባይ የሚገኘው በማድረግ ነው፣ ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት ነው ብሎ አስተምሯል። ታዲያ ስሕተቴን ሁሉ ሌላ ካረመልኝ መቼ እማራለሁ? ከጥምዙ በሰላም የወጣው ነጂ «ጎበዝ ነኝ» ይላል፤ ያወጣው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በስልኩ ላይ መጥፎ ገጾችን የሚዘጋ ማገጃ የጫነ ወጣት ዓይኑ ተጠብቋል። ልቡስ? ማገጃው የሌለበት ስልክ በእጁ የገባ ቀን ማን ሆኖ ይገኛል?

ክርክሩ እውነት አለው፤ ግን አንድ ሰው ረስቷል፦ መንገድ የሚሻገረውን። ነጂው ጥንቃቄን ከአደጋ ሊማር ቢመርጥ፣ ከጎኑ የተቀመጠችው እኅቱ ወይም ጥግ ላይ የቆመችው ሻይ ሻጭ በዚያ ትምህርት ቤት አልተመዘገቡም። የእኔ ጠባይ እንዲታነጽ የሌላው አጥንት ይሰበር ማለት ፍቅር አይደለም። በ1959 ቮልቮ ኒልስ ቦሊን የሠራውን ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ አወጣ፤ ሌሎች አምራቾችም ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ያ ቀበቶ ማንንም ጨዋ አላደረገም፤ ብዙዎችን ግን ወደ ቤታቸው መልሷል። «ከመሞት መሰንበት» ነውና፣ የሰነበተ ሰው ገና መማር ይችላል። ደግሞም የቫልቩን ክፍተት በሚሊ ሜትር የሚያውቅ ሰው የእናቱን ሕመም ላያውቅ ይችላል። ለብረት የሚሰጥ ትኩረት በራሱ መልካምነት አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ይገባናል። ጠባቂ አንድ ነገር ነው፤ አስተማሪ ሌላ ነገር ነው። ጠባቂው ስንወድቅ ይይዘናል፤ ነቅተን እንድንሄድ ማድረግ ግን አይችልም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃው የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን የሚሠራው ጎማው መንገዱን በጨበጠው መጠን ብቻ ነው። ጎማው ካለቀ ኮምፒውተሩ ፍሬኑን ቢይዝም መኪናው ይንሸራተታል። ጎንበስ ብሎ ጎማውን የሚያይ ደግሞ ሰው ነው። ጥገና የማይጠይቅ የሚመስል ነገርም ያታልላል። በውኃ ከሚቀዘቅዙት የመጀመሪያዎቹ 911 ሞተሮች በአንዳንዶቹ፣ ውስጥ የተደበቀ አንድ የታሸገ ኩሽኔታ ሲበላሽ መላውን ሞተር ይዞ ይጠፋ ነበር። ባለቤቱ የሚነካውም የሚያስተካክለውም ነገር አልነበረም። ድካሙ ከዓይን ራቀ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ጥያቄ ወደ እኛም መንደር እየመጣ ነው። በከተሞቻችን ዕድሜ ጠገብ ኮሮላዎች በመካኒኮች እጅና ጆሮ ዛሬም ይሠራሉ። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን፣ ብዙዎቻችሁ የምትነዱት ካንዴላም የሞተር ዘይትም የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ሊሆን ይችላል። እርሱ እንደ አሮጌው በየቀኑ አይጠይቃችሁም። ሳይጠየቁ ማየትን መልመድ የእናንተ ድርሻ ይሆናል።

ማገጃውን ከስልኩ፣ መቆጣጠሪያውን ከመኪናው አንሡ የሚል ምክር ከእኔ አትስሙ። ራስን ያለ ጠባቂ መተው ትዕቢት እንጂ ብርታት አይደለም። የምለው ሌላ ነው። የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ሲሠራ በነጂው ፊት አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። አንዱ ነጂ «እንኳን ይህ ነገር ኖረ» ብሎ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ሌላው «ይህ ባይኖር ወድቄ ነበር» ብሎ ለሚቀጥለው ጥምዝ አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሁለቱም ድነዋል፤ የተማረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በኅብረታችሁ ስትሰበሰቡ ይህን ተጠያየቁ፦ በዚህ ወር መብራቷ ብልጭ ያለችባችሁ የት ላይ ነው? ከዚያስ በኋላ ፍጥነታችሁ ስንት ነበር?