ስለ ጥላ አትክልትና ስለ ሠሪው ምስጋና

ሰው በእጁ ላልሠራው መልካም ነገር ምስጋና ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ በጃፓን አገር፥ በኪዮቶ ከተማ ያለው ሳይሆጂ የተባለው የቡድሃ ገዳም ያትክልት ቦታ በግልጥ ያቀርበዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1339 ዓ.ም. ሙሶ ሶሴኪ የተባለ መነኵሴ ይህን ገዳም አደሰ። ከታች የኵሬውን ዳር አሳመረ፤ ከላይ በዳገቱ ላይ ታላላቅ ዐለቶችን፥ ውሃ የሌለበት ፏፏቴ እስኪመስሉ ድረስ ደረደረ። ዛሬ ግን ተመልካች ሁሉ ከዐለቱ ይልቅ የሚያደንቀው ሳረንስቱን ነው፤ ይኸውም በዛፎች ጥላ ሥር ምድሩንና ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው አጭር ልምላሜ ነው፤ ዓይነቱም 120 ያህል ነው ይባላል። ይህን ሙሶ አልተከለውም። ገዳሙ በ1469 በጦርነት ተቃጠለ፥ ከዚያም በኋላ ባለፉት ዘመናት ደኸየ፤ ጠባቂ ሲታጣ ዛፉ ጠለለ፥ እርጥበቱ ከረመ፥ ሳረንስቱም ማንም ሳይጠራው መጣ።

እንግዲያስ ምስጋናው ለቸልታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ የችኰላ ፍርድ ነው። ሳረንስት እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃ የሚጠጣው በገላው ነው። ስለዚህ ፀሓይ ብትበረታበት ቶሎ ይደርቃል፤ የረገፈ ቅጠል ቢከመርበትም ይታፈናል። ቅጠሉን በቀስታ የሚጠርግ፥ አረሙንም በጣቱ የሚለቅም ሰው ባይኖር ኖሮ፥ ቸልታ የሰጠውን ቸልታ መልሶ በወሰደው ነበር።

በግቢው ትልቅ ዛፍ ያለው የከተማ ሰው ብዙ ጊዜ ከዛፉ ሥር ጽጌረዳ ይተክላል። ጽጌረዳው ሲመነምን በዛፉ ይቈጣል፥ መጥረቢያም ያስመጣል፤ ፀሓይ ወዳዱን ተክል ከጥላ ያገባው ራሱ መሆኑ ትዝ አይለውም። በድንጋዩ ሥር በገዛ ፈቃዱ የበቀለውን የጥላ ተክል ግን አረም ብሎ ይነቅለዋል። የሳይሆጂ ጠባቂዎች እንዲህ አላደረጉም። ያልተከሉትን አይተው መልካምነቱን ዐወቁ፥ የቀድሞውንም መልክ እንመልስ ብለው አልፋቁትም። የሙሶ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ይኖራል፤ መጥረጊያ የያዙትን እነዚያን ሰዎች ግን በስም የሚጠራቸው የለም። ሚዛን የሚያውቅ ሰው ከምስጋናው የሚበዛውን እጅ ለእነርሱ ይሰጣል።

በ1977 ዓ.ም. የጎብኚው እግር ሳረንስቱን ስለ ጎዳው ገዳሙ በሩን ለሕዝብ ዘጋ። ውበትን ደብቆ መያዝ ንፍገት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ዛሬ የሚገባው አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንግዳው ወደ ዛፎቹ ጥላ ከመውረዱ በፊት መሬት ላይ ተቀምጦ የገዳሙን ጸሎት በብሩሽ ይገለብጣል።