የውኃ ብዛትና ተራ

በቦረና ምድር ስለ ውኃ የሚነገረው ሁሉ ስለ እጦቱ ነው ማለት ይቻላል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ለዘመናት የቆዩት በሥርዓት ነው፤ «አባ ሄሬጋ» የሚሰኘው ተራ አስከባሪ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ይወስናል። ሕዝቡ ውኃ ሲያንስ እንዴት እንደሚካፈለው ያውቃል። ሲበዛስ ተራ አስከባሪው ማን ነው?

ጥያቄው ለሞያሌ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ ከረጅሙ ድርቅ በኋላ የመጣው የኤልኒኞ ዝናብ ሰሜን ኬንያን አጥለቅልቋል። ድርቁ ያልጨረሰውን ከብት ጎርፍ ሲወስደው ማየት ለአርብቶ አደር መራራ ነገር ነው።

አፈር ውኃ ይጠጣል፤ ቆርቆሮና አስፋልት ግን አይጠጡም። ግቢውን በሲሚንቶ የሚያስለስን ሰው ጭቃን ጠላ እንጂ ክፉ አላሰበም። ነገር ግን መሬቱ ይጠጣው የነበረውን ውኃ ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ሰዶታል። የአንድ ግቢ ውኃ ከቁጥር አይገባም፤ የሺህ ግቢ ውኃ ጎርፍ ይሆናል፤ በደልሁ የሚል ግን አንድም አይገኝም።

የከተማ መናፈሻ በዚህ ዓይን ሲታይ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዝቅ ተደርጎ የተበጀ፣ ሣርና ዛፍ ያለበት ሜዳ የዝናቡን ውኃ ተቀብሎ ያቆያል፤ ከፊሉን ወደ መሬት ያሰርጋል፣ የቀረውን ቀስ እያለ ይለቃል። በበጋ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃን ተራ የሚያስጠብቅ መሬት ነው ቢባል ያስኬዳል። ሆኖም ከአቅሙ በላይ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲመታና ከ250 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ጎርፉ የመጣው በላይኛው ደጋ ከጣለው ከባድ ዝናብ ነበር። ያን ሁሉ ውኃ ከተማ ውስጥ ያለ መናፈሻ ብቻውን አይችለውም፤ ሥራው ከተራራው መጀመር አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የቦታው ነገር ነው። ውኃ የሚያርፍበት ዝቅተኛ ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መጠጊያ ያጣ ድኻ የሰፈረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከናይሮቢው ጎርፍ በኋላ በማታሬ ወንዝ ዳር የነበሩ ቤቶች ፈረሱ፤ ለየቤተሰቡም 10,000 ሽልንግ እንደሚሰጥ መንግሥት አስታወቀ። ሰውን ከሞት ማራቅ ተገቢ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ከታች ያለው ቤቱን ሰጥቶ፣ ከላይ ግቢውን በሲሚንቶ የለሰነው ምንም ሳይሰጥ እሑድ እሑድ ሊናፈስ ቢመጣ፣ ይህን አባ ሄሬጋ ቢያየው ተራ ተጣሰ ሳይል ይቀራል?

በሞያሌ ሒሳቡ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ከተማዪቱ አንድ ስትሆን መንግሥቷ ሁለት ነውና። የከብቱን ተራ በአንድ ባህል የሚያከብሩት ቦረናዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አሉ። ለጎርፉም የሁለቱ ወገን ሹማምንትና ሽማግሌዎች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ለመናፈሻ የሚሆነው ቦታ ከመለካቱ በፊት፣ የላይኛው ከግቢው ምን ያህል አፈር እንደሚተው፣ የታችኛውም ተነሣ ከመባሉ አስቀድሞ ቤት የት እንደሚሠራለት ቢነጋገሩ፣ የሚጠቀሙበት ሥርዓት በእጃቸው አለ።