የማን ቀኝ እጅ?

በንግሥ ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ጉርድ ሾላም ሆነ ሌላ ሰፈር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይህን ሳይሰማ አይወጣም። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሰው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ለሕንፃው ማሠሪያ የተሰጠውን ይጠራል፤ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንዲት እኅታችን፣ ይህን ያህል ብር!» እልልታው ይቀልጣል። ስሙ ተደበቀ፣ ብሩ ተነገረ። ስሙ የተደበቀው ሴትዮዋ ዋጋዋን ከፈጣሪ ስለምትጠብቅ ነው። ብሩ የተነገረው ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገንዘቡ የጉባኤው ስለሆነ፣ ነገም «የት ደረሰ?» የሚል ስለሚመጣ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ ምጽዋታቸውን በመለከት የሚያስነግሩትን ይነቅፋል፤ ግራ እጅ የቀኙን ሥራ አትወቅ የሚለው ትምህርትም እዚያው ነው። ቁርአንም በሱረቱል በቀራህ 271ኛው አንቀጽ በግልጽ መስጠትን ሳይነቅፍ፣ ለድሆች በስውር መስጠትን ያስበልጣል። ሁለቱም የሚናገሩት ግን ከገዛ ኪሱ ለሚሰጥ ሰው ነው። መንግሥት ለአንድ ድርጅት፣ ለአንድ ቤተ እምነት ወይም ለአንድ የስፖርት ፌዴሬሽን ሲሰጥ የገዛ ኪስ የለውም። የሚሰጠው ከጉርድ ሾላ ባለ ሱቅ የተሰበሰበ ግብር ነው፤ ወይም የሕዝብ መሬት። በሰው ገንዘብ ስውር መጽዋች መሆን ይቻላል? ይህ ጸሐፊ አይቻልም ባይ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ጉዳዩን ቀድሞ አይቶታል። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የታመነ ሰው ከቲቶ ጋር እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱን በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሲያስረዳ፣ በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ መሆን ብቻ እንደማይበቃው፣ በሰውም ፊት እንዳይነቀፍ እንደሚጠነቀቅ ይናገራል። ሐዋርያ ሐሜትን ከፈራ ሹም የማይፈራበት ምክንያት የለም።

የኢትዮጵያ ነገሥታትም ጉልት ሲሰጡ አልደበቁም። ንጉሥ ላሊበላ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዛሬዪቱ ኤርትራ ለሚገኘው ለሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የሰጠው መሬት በገዳሙ የወርቅ ወንጌል ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። መጽሐፈ አክሱም የተባለው ስብስብ ደግሞ ለአክሱም ጽዮን የተሰጡትን ይዟል። እንደነዚህ ያሉ ሰነዶች ሰጪውንና መሬቱን ይጠራሉ፤ ብዙዎቹ በዘመኑ የነበሩትን ሹማምንት ይዘረዝራሉ፤ ስጦታውን የሚያፈርሰውንም ይገዝታሉ። ወንጌሉ ላይ የተጻፈው ለጌጥ አይመስልም። ማንም ደፍሮ የማይፍቀው፣ በበዓል ቀን ሕዝብ ፊት የሚወጣ መጽሐፍ ከወንጌል ሌላ የት ይገኛል? እርግጥ ገባሩን የጠየቀው አልነበረም። ግብሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ግን ያውቅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ዘጋው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያየ። መለያየቱ መስጠትና መቀበልን አላስቀረም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከብር ይልቅ የሚከብደው ስጦታ መሬት ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ እንዲተላለፍ ካዘዘ በኋላ፣ ለአንዳንዶች ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ለአምልኮ ቦታ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚያካሂዱት ማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለኤምባሲዎችና ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ለተባሉ ፕሮጀክቶች። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ከሪል ስቴት ጋር ተጫርቶ አያሸንፍም። ግን በጨረታ የሄደው መሬት በካሬ ሜትር ስንት እንዳወጣ ከተማው ሁሉ ሲያወራው፣ በምደባ የሄደው ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ለማን፣ በምን መስፈርት እንደተሰጠ በአንድ ዝርዝር ተለጥፎ እምብዛም አይታይም።

ርክክቡስ ይታያል! ባነር ይሰቀላል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ካርታው በሁለት እጅ ይሰጣል። ማቴዎስ 6 የነቀፈው መለከት ሳይጓደል ተነፍቶ፣ ጳውሎስ የፈለገው መዝገብ ቀርቷል።

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረውን የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ያየ ሰው የበለጠ ይገረማል። በዚያ አሠራር የተመረጡት ድሆች ስም፣ ነዋሪው አይቶ ቅሬታ ካለው እንዲያቀርብ ይለጠፋል። ወንጌሉም ቁርአኑም በስውር ስጧቸው ያሏቸው ድሆች ግድግዳ ላይ ወጡ፤ ሄክታር የተቀበለው ድርጅት ፋይል ውስጥ ተቀመጠ።

የተቀባዩን ስም ማውጣት የማይቻል ነገር አይደለም፤ ካናዳ ከ25,000 ዶላር በላይ የሆኑ የፌዴራል መንግሥት ድጋፎችን ከነተቀባያቸው በየሩብ ዓመቱ ይፋ ታደርጋለች። ለዚህ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ጉርድ ሾላ ሰፊ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ከለጋሾች የተቀበለውን በኦዲት በተመረመረ ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫ ያወጣል። የሰፈሩ ሰው የባዕድ አገር ግብር ከፋይ ለዚያ ግቢ ምን እንዳዋጣ ማወቅ ይቀለዋል፤ የራሱ ከተማ ለአጎራባቹ ድርጅት ምን እንደሰጠ ከማወቅ።

«ዝርዝሩ ቢወጣ ሃይማኖቶች ይፎካከራሉ፤ ለእነሱ ይህን ያህል፣ ለእኛ ይህችን ብቻ ይባላል» የሚል ስጋት አለ። ቀላል ስጋት አይደለም፤ በዚህች አገር በቦታ ጥያቄ ደም ፈስሷል። ሆኖም ዝርዝር በሌለበትም ንጽጽሩ አልቀረም፤ በሹክሹክታ፣ ያውም ተጋንኖ ይካሄዳል። ምርጫ ቦርድ ለ2013ቱ ምርጫ ለፓርቲዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ ሲያከፋፍል፣ ከማንም በላይ በሚቀናኑ ድርጅቶች መካከል፣ የማከፋፈያ ቀመሩንና የየፓርቲውን ድርሻ ይፋ አድርጓል። መስፈርት የሌለው ዝርዝር ብቻውን ጠብ ሊያጭር እንደሚችል ግን መካድ አይቻልም፤ ሁለቱ አብረው ካልወጡ የስጋቱ ባለቤቶች ልክ ናቸው።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ሳይጠየቁም የሚያወጡት መረጃ እንዲኖር፣ ለተጠየቁትም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ጥያቄ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦ ባለፈው የበጀት ዓመት በምደባ የተሰጡ ቦታዎች፣ ስፋታቸው፣ ተቀባያቸው፣ የተመረጡበት መስፈርት፣ ጠይቀው የተከለከሉትም እነማን እንደሆኑ።